ቀለል አለሽ?

ሰኞ 4

ዛሬ ልጄ ብስክሌቷን እየገፋች መሥሪያ ቤቴ፣ ፖስታ ቤት ድረስ መጣች። ጥቅል ክፍሉ ለምሳ ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። «እማ፣ የእናንተ ሚዛን ላይ እንመዝነው» አለችኝ። ትልቁ ሚዛን ከወለሉ እኩል የተነጠፈ ነው፤ ሳጥንና ጆንያ እንጂ ብስክሌት ወጥቶበት አያውቅም። አብሮኝ የሚሠራው ሰውዬ ከመስኮቱ ዞሮ፣ «የት ነው የሚላከው? ‹ተሰባሪ› ብዬ ልጻፍበት?» አለ። ቴምብር ነው የምንለው። አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም።

አሥራ ሦስት ኪሎ ሆነ። ሌሎቹ ልጆች የሚነዱት ስምንት እንኳ አይሞላም አለችኝ። የእሷ የአባቷ ነው፤ ልምምድ ይሠራበት የነበረው፣ ብረቱ ወፍራሙ። ትከፋለች ብዬ ፊቷን አየሁት። አልተከፋችም። ቁጥሩን ለራሷ ደግማ አለችው እንጂ።

ከዚያ ብስክሌቱን አወረደችና እሷ ወጣችበት። «እኔስ?» አለች። ቴምብር፣ «ይቺማ በደብዳቤ ዋጋ ትሄዳለች!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ ቁጥሩን አላየሁም። መስኮቱ ላይ ባለጉዳይ መጥቶ ነበር መሰለኝ።

ሐሙስ 7

ዝናብ። ሥራ በዛ። የልጄ የመምረጫ ውድድር የሚቀጥለው ወር 8 ቀን ነው። ዳገቱ ላይ ነው የሚደረገው፣ ከወንዙ ድልድይ እስከ ላይኛው የውኃ ማጠራቀሚያ። የተመረጡት ቡድን ውስጥ ይገባሉ፤ ማደሪያ፣ አዲስ ብስክሌት፣ ሁሉም ነገር ይሰጣቸዋል። ያልተመረጡት ወደ ቤታቸው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሌላ የምትፈልገው ነገር ሲኖር አይቼ አላውቅም።

እሑድ 10

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከጥቅል ወረቀት ላይ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ነበር፤ የቀረውን ያስተማሩኝ፣ ሰዎች ዕቃ የሚጠቀልሉባቸው ጋዜጦችና ባለቤት ያጡ መጽሔቶች ናቸው። ዛሬ ከእነዚያ አንዱን ለልጄ አነበብኩላት። ስለ ብስክሌት ክብደት ነው። ላጽናናት ብዬ ነው ያነበብኩት።

ሜዳ ላይ ክብደት ብዙ አይጎዳም ይላል፤ እዚያ ጠላቱ ነፋስ ነው። ከቆሙበት ሲነሡ ይከብዳል፣ ከተንቀሳቀሱ በኋላ ግን ይረሳል። ዳገት ላይ ነው ክብደት የሚቆጠረው። እዚያም ቢሆን ብስክሌቱ ለብቻው አይቆጠርም፤ ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ ናቸው። «አየሽ» አልኳት፣ «አንቺና እሱ አንድ ላይ ስትመዘኑ አምስት ኪሎ ማለት ከአሥራ አራት እጅ አንዱ እጅ ነው። ብዙ አይደለም።»

ጣቶቿን እየነካች አሰበች። «ዳገቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ላይ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። እማ፣ ሁለት ደቂቃ ማለት እኮ መጨረሻ መውጣት ነው።»

መጽሔቱን አጠፍኩ።

«ከብስክሌቱ መቀነስ ካልተቻለ፣ ከእኔ ቢቀነስስ?»

«ለዳገቱ ያው ነው» አልኩ። መጽሔቱም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ኪሎው ከየት እንደመጣ ዳገቱ አይጠይቅም ይላል። ያነበብኩትን ነው የነገርኳት።

እራቷን አልጨረሰችም። ሆዴ ሞልቷል አለች።

ማክሰኞ 12

የዝናብ ልብሷን ረስታ ስለሄደች ልሰጣት ድልድዩ ድረስ ሄድኩ። አሠልጣኙ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ድምፁ የተዘጋ፣ ረጅም ሰውዬ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አያውቅም፤ ሁሉን ነገር ፊት ለፊት ነው የሚለው። የባለቤቴ ወንድም ሁልጊዜ የሚለውን ነገርኩት፤ በከባድ ብስክሌት የተለማመደ በቀላል ሲወዳደር ይበርራል የሚለውን።

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለ። «እግር ግን ኪሎ አያውቅም፣ እመቤት። እግር የሚያውቀው ድካም ነው። በከባዱም በቀላሉም እኩል ከደከመች እኩል ተለማምዳለች። በከባዱ ትዘገያለች፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ።»

«ታዲያ ድካሟን በምን ያውቁታል?»

«አናግራታለሁ።»

እውነቱን ነው። ዳገቱን ሲወጡ በመኪና ከጎናቸው እየሄደ ወሬ ይጠይቃቸዋል። ቁርስ ምን በላችሁ፣ ትናንት ማን አበሳጫችሁ፣ ዝም ብሎ ይጠይቃል። ረጅም ታሪክ ካወሩለት «ሰነፋችሁ» ይላል። ሁለት ሦስት ቃል ብለው ትንፋሽ ከወሰዱ ልክ ነው። ዝም ካሉ አብዝተውታልና ዝግ በሉ ይላቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜም ይመዝናቸዋል። ከተመደበላት ኪሎ በታች የወረደች አትነዳም። «ባለፈው ዓመት አንዷ ከዳገቱ ላይ ወደቀችብኝ» አለ። «ከእንግዲህ የሚነዳልኝ አጥንት አልፈልግም።»

ጥሩ ሰው ነው። ልቤ ትንሽ አረፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመዝናት ሰው አለ ማለት ነው።

ዓርብ 15

ብስክሌቷን ዋርሳዬ ጋ ወሰድኩላት፤ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ጠጋኝ። ብዙ ጊዜ አልሄድበትም።

«ምን ሆኖ መጣ ደግሞ?»

«ፍሬኑን እይልኝ።»

«ባለፈው ወር አይቼዋለሁ እኮ፣ እቴ።»

«ደግመህ እየው። ሁለቱንም።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አጠበቀው። አልጠየቀኝም። ያኔ፣ ወንድሙ የሞተ ጊዜም አልጠየቀኝም። ብዙ ጊዜ የማልሄድበት ስለዚህ ነው።

ረቡዕ 20

ልጄ ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ተኝታ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ፀጉሯን አሥራ፣ ጫማዋን እያጸዳች አገኘኋት።

«ቀለል አለሽ?» አልኳት።

«አዎ፣ ቀለል ብያለሁ።»

ቀለል ብሎኛል ማለቷ ነው። ትኩሳት ምላስ ያስታል። ደስ ብሎኝ ሾርባ ሠራሁላት። ኋላ እጠጣዋለሁ ብላ ክፍሏ ይዛው ገባች። ሳህኑ ታጥቦ ነው የወጣው። ከመቼ ወዲህ ነው ሳህን የምታጥበው?

ትልቅ ሰው ሆናለች።

እሑድ 24

ልብስ አጠብኩ። የልምምድ ካናቴራዋ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ጥቁር ግራሶ ይዟል። ሁለት ጊዜ በሳሙና አሸሁት፤ አለቀቀም። የሚገርመው ከውስጥ በኩል መሆኑ ነው። ብስክሌት ስትጠግን እጇን የምትጠርገው በውስጥ በኩል ይሆናል፤ ከውጭ እንዳይታይ። ጥንቁቅ ልጅ ናት።

ዋርሳዬ ግራሶ የሚያስለቅቀው ነጭ ጋዝ ነው ብሎኝ ነበር። ነገ እገዛለሁ።

ሰኞ 25

ነጭ ጋዙን ረሳሁት። ጥቅል በዛ። ምሳ ላይ ቴምብር ጫት እንደቃመ ሰው ሲለፈልፍ ዋለ፤ ስለ ልጄ ነው። «ዓርብ ዕለት በመስኮቱ ስታልፍ አየኋት። ጎማው ብቻውን የሚሄድ መስሎኝ! አብዪያት እንጂ፣ ነፋስ ይወስድብሻል።»

«ለውድድር ነው» አልኩት።

«ለውድድርስ ቢሆን፣ የሚወዳደር ሰው ያስፈልግ የለ?»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ሐሙስ 28

ዋርሳዬን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ልጅሽ አሮጌ ሰንሰለት ምን ያደርግላታል?» አለኝ። «ከቁርጥራጭ ሳጥኔ ውስጥ ሁለቱን ወሰደች። አዲስ ልስጥሽ ስላት አሮጌው ይሻለኛል አለችኝ።»

«ለመለማመጃ ይሆናል። ሰንሰለት መቁረጥና መቀጠል እየተማረች ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ ጎሽ» አለ። ሄደ። እንደዚያ የሚባል ነገር ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ አፌ ላይ መጣ፣ ተናገርኩት።

ቅዳሜ 30

አሠልጣኙን በስልክ ጠየቅሁት። «ክብደቷ ልክ ነው» አለኝ። «እንዲያውም ትንሽ ጨምራለች። ግን ዳገቱ ላይ አታወራኝም። ድሮ አንደበተ ርቱዕ ነበረች፤ አሁን አዎና አይደለም እንኳ የለም። ቤት ውስጥ የተከፋችበት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ።

ጨምራለች አለ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። ሚዛን አይዋሽም። ይህን ያህል ዓመት ስመዝን ሚዛን ሲዋሽ አላየሁም።

የዋሹ ጥቅሎች ግን አይቻለሁ።

ማክሰኞ 3

የመታጠቢያው ቱቦ በፀጉር ተደፍኖ አወጣሁት። ሽበቱ የእኔ ነው፤ ጥቁሩ የእሷ ነው። ብዙ ነው።

መሳቢያዋ ውስጥ ፎጣ ላስቀምጥ ስከፍት፣ ለወር አበባዋ የገዛሁላት ሳይነካ ተቀምጧል። ያለፈው ወርም እዚያው ነው። መሳቢያውን ዘጋሁት።

«በልተሻል?»

«ጓደኛዬ ቤት በላሁ።»

«ምን?»

«ምግብ ነዋ፣ እማ!»

ሐሙስ 5

ጠዋት በር ላይ ሆና የዝናብ ልብሷ አልቆለፍ አላት፤ እጇ በርዶ ጣቶቿ አይታዘዙም። ልቆልፍላት ጎንበስ አልኩ። እጄ ወገቧን ነካ። ጠንካራ ነገር ነው፣ እንደ ገመድ ይዞራል፣ ግን አንጓ አንጓ አለው። እሷ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ እስከ መጨረሻው ቆለፍኩና፣ «ቀስ ብለሽ ንጂ» አልኳት። ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ጥቅል መዘንኩ። አንዱንም አልተሳሳትኩም።

አሁን መሽቷል። እሷ ተኝታለች፣ ወይም የተኛች መስላለች። ለመለማመጃ መሰለኝ፣ ለማጽዳት መሰለኝ፣ ትኩሳት ነው መሰለኝ። ይህንን ደብተር ወደ ኋላ እያገላበጥኩ ሳነበው የጻፍኩት ሁሉ መሰለኝ ነው። ቀለል ብያለሁ ስትለኝ እኮ ነግራኛለች። በደንብ አድርጋ፣ በቀጥተኛ ቋንቋ ነግራኛለች። የምላስ ስሕተት ነው ብዬ ያረምኳት እኔ ነኝ።

ዳገቱ አይጠይቅም ብዬ ያነበብኩላትም እኔ ነኝ። ጥሩ አነባለሁ። ሰው ሲሰማኝ ደስ ይለዋል። አባቷም ደስ ይለው ነበር። እሱ ማንበብ አይወድም ነበርና ከመጽሔት የማነብለት እኔ ነበርኩ። ድሮ በነበርንበት ቤት፣ በጠረጴዛው ላይ፣ በወጥ ቤቱ ትንሽ ሚዛን ብሎን በብሎን፣ ዕቃ በዕቃ እየፈታ ያስቀምጥልኛል፣ እኔ ቁጥሩን እነግረዋለሁ። ለዳገት ውድድር የማያስፈልገው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀኛል። የኋላ ፍሬን ስንት ግራም እንደሚመዝን ዛሬም ድረስ አስታውሳለሁ። ዳገት ለሚወጣ ሰው ብዙ ነው አልኩት፤ ፈታው። ከዳገቱ በኋላ ቁልቁለት እንዳለ መጽሔቱ አልጻፈም ነበር።

ሌላ አልጽፍም።

ዓርብ 6

ሳትወጣ ያዝኳት። ቁርስ አቅርቤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አውልቂው» አልኳት።

ምኑን አላለችም። ካናቴራዋን ከፍ አደረገች። ሁለት ሰንሰለት ነው፣ በጨርቅ ጠምጥማዋለች፣ ጨርቁ ተበልቷል። ከሥሩ ቆዳዋ ተላልጧል። የጎድን አጥንቶቿን አልቆጠርኩም። ይቆጠሩ ነበር።

«ነገ መመዘኛው ነው፣ ከነገ ወዲያ ውድድሩ» አለች። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነው። «ሁለት ቀን፣ እማ። ሁለት ቀን ብቻ ዝም በዪልኝ። ሰንሰለቱ ለሚዛኑ ብቻ ነው፣ አካሄዴ እንዳያሳብቅብኝ እየለመድኩት ነው እንጂ፤ ለውድድሩ አወልቀዋለሁ። ሰኞ እበላለሁ። የፈለግሽውን እበላለሁ።»

«ብትወድቂስ?»

«አልወድቅም።»

«ዳገቱ ላይ መናገር እንኳ አቅቶሻል።»

«መናገር ምን ያደርግልኛል? የምነዳው በአፌ ነው?» አለችና ልትስቅ ሞከረች። ከዚያ እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነው። «አንቺ ዝም ማለት ታውቂበታለሽ። በአባዬ ጊዜ ዝም ብለሻል። አንድም ቀን ምንም ብዬሽ አላውቅም። ለእኔም ዝም በዪልኝ።»

ያን እንደምታውቅ አላውቅም ነበር።

ራሴን ነቀነቅሁ። እሺ ማለቴ ነው። እንዲህ አድርጌ እሺ አልኳት።

ቅዳሜ 7

በማለዳ አብሬያት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። መመዘኛው ድልድዩ አጠገብ ባለው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ልጆቹ ተሰልፈዋል። ሌሎች እናቶችም ነበሩ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። አንዷ «የእርስዎ ልጅ የትኛዋ ናት?» አለችኝ፣ አሳየኋት። «ውይ፣ እንዴት ያለ ቁመና!» አለችኝ።

ተራዋ ደረሰ። ወጣችበት። አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ልክ ነው» አለ።

«ልክ አይደለም።»

የእኔ ድምፅ ነው። ሁሉም ዞረ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው መስኮቱ ላይ በየቀኑ የምለው ነገር ነው። ክብደቱ ካጠራጠረን ለባለጉዳዩ የምንለው።

«ይከፈትና ይታይ» አልኩ።

ከልጆቹ አንዷ ሳቀች። ጥቅል መሆኑ ገብቷት አይደለም፤ አነጋገሬ ነው ያሳቃት። አሠልጣኙ አልሳቀም። ልጄን አየ፣ እኔን አየ። «ምኑ ነው የሚከፈተው?» አለኝ ዝግ ብሎ።

«ወገቧ ላይ ሰንሰለት አለ።»

 ልጄ ከሚዛኑ ላይ አልወረደችም። ካናቴራዋን ራሷ ገለጠችው፣ ሰንሰለቱን ራሷ ፈታችው፣ ወለሉ ላይ ጣለችው። ድምፁ ትልቅ ነበር። አሠልጣኙ እንደገና ጎንበስ አለ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አላነበበም። ጃኬቱን አውልቆ አለበሳትና፣ «ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ» አላት። ድምፁ ተዘግቶበት የነበረው የባሰ ተዘጋ።

እሷ ግን ወደ እኔ መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ሰው ፊት አቀለልሽኝ» አለችኝ።

 በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ብስክሌቱን እኔ ገፋሁት። ከባድ ነው። ሜዳ ላይም ከባድ ነው።

እሑድ 8

ውድድሩ ዛሬ ነው። ከቤታችን የሚታየው የዳገቱ የታችኛው ጫፍ ብቻ ነው። መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ሕዝብ ሲጮህ ይሰማል። እሷ ክፍሏ ውስጥ ናት። በሩ ተዘግቷል። መጋረጃ ሰፋሁ።

ረቡዕ 11

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። ልቧን ረጅም ጊዜ አዳመጠች። በጣም ዝግ ብሎ ነው የሚመታው አለች። ሯጮችና ብስክሌተኞች ልባቸው ዝግ ይላል ብዬ አንብቤ ነበርና ይህንኑ ነገርኳት። «ይኼኛው ከልምምድ አይደለም» አለችኝ። «ይኼኛው ለመቆጠብ ነው። ሰውነቷ መብራት እያጠፋ ነው።»

ብስክሌት የለም። እስከ መቼ እንደሆነ አትናገርም። ደም ተወሰደ፣ ምግብ ታዘዘ፣ በየሳምንቱ እንመለሳለን።

ልጄ ሁሉንም ለሐኪሟ መለሰች። ለእኔ ምንም አትመልስም። መንገድ ላይ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ከኋላ ስትታይ ትከሻዋ እንደ መስቀያ ነው። ይህንን ለማየት ከኋላዋ መሄድ ነበረብኝ?

ዓርብ 13

አሠልጣኙ ሥራ ቦታዬ መጣ። የሚልከው ነገር ያለው መስሎኝ ነበር። የለውም። መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ «እኔ ነኝ ያልያዝኩት» አለኝ። «ዝም ብላ ስትወጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ አይቻለሁ። እንደዚያ ሲሆኑ ዝግ በሉ የምለው እኔ ነኝ። ሚዛኑን አመንኩ።»

 «እኔም» አልኩት።

«ለዓመት ቦታዋን እይዝላታለሁ። ከፈለገች። ካልፈለገችም፣ ደህና ትሁን።»

ከሄደ በኋላ ቴምብር ምንም አላለም። ቀኑን ሙሉ ምንም አላለም። ከባዱን ጥቅል ሁሉ እሱ አነሣው።

ምንም አይሰማኝም። ሊሰማኝ የሚገባውን አውቀዋለሁ፤ ቃሎቹን ሁሉ አንብቤያቸዋለሁ። ግን ሌላ ሰው ክፍል ውስጥ ያለ ነገር ነው የሚመስለኝ።

ሰኞ 16

በታዘዘው ሰዓት አቀርባለሁ። ግድግዳውን እያየች ትበላለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው። እኔም ጀርባዋን አያለሁ። እንደ ቅጣት ነው የምትበላው፤ የማን ቅጣት እንደሆነ አላውቅም። ስትጨርስ ማንኪያውን ታስቀምጣለች። ድምፁን እጠብቃለሁ። ከዚያ ትነሣለች።

ሐሙስ 19

ያው።

እሑድ 22

ዛሬ ምስር ሠራሁ። በላች። ከሳህኑ ገሚሱን በላች፣ ማንኪያውን አስቀመጠች፣ ግን አልተነሣችም። የተረፈውን አነሣሁና እዚያው ቆሜ ቀመስኩት።

ጨው የለውም። ፍጹም የለውም። ጨርሶ ረስቼዋለሁ። እንደ ጭቃ ነው።

«ይኼንን ነው የበላሽው?» አልኳት።

ትመልስልኛለች ብዬ አልነበረም። ለራሴ ነው ያልኩት።

«ከሐሙስ ጀምሮ ጨው የለውም» አለች፣ ግድግዳውን እያየች።

ከሐሙስ ጀምሮ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ዞረች። በቀጥታ አየችኝ፣ ከመመዘኛው ቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፣ ፊቷ ገና አልሞላም። ቁጣው አለ። የትም አልሄደም፣ እዚያው ተቀምጧል።

«እኔ እንጃ» አለች። «ከእኛ ቤት ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ መስሎኝ።»

ስድብ ነው። ደስ ያለኝ ስድብ። እጇን ዘረጋች።

«ጨው ስጪኝና ልጨርሰው፣ እንግዲህ።»